የጋፋት ጀርመናውያን፤ ከሁለት አገር የተነቀሉ ሰዎች

ከልደታ ማርያም ተነሥቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው በቸርችል ጎዳና አጋማሽ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይን ያገኛል። በአደባባዩ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የታየው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው። ዋናው መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ይገኛል። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያጓጓዙበትን መንገድና ድካም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። መድፉን ያቀለጡት ሰዎች ግን በአብዛኛው «የነጭ ሠራተኞች» ወይም «እስረኞቹ» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። ከየት እንደ መጡ፣ ከማን ጋር እንደ ኖሩና ከ1868 በኋላ ወዴት እንደ ተበተኑ የሚጠይቅ ብዙ የለም። በዚህ ጽሑፍ የምናያቸው እነዚህን ሰዎች ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕክምና ባለሙያ ስለ እነዚህ ሰዎች ለምን ያነባል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ታሪካቸው ከእኛ ሙያ ጋር በብዙ ቦታ የሚገናኝ መሆኑ ነው። በውስጡ የኮሶ ነገር አለበት፤ የኮሌራ ወረርሽኝ አለበት፤ የወሊድ ሞት አለበት፤ በመጨረሻም በመካከለኛው ምሥራቅ ቀደምት ከሚባሉት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች የአንዱ መመሥረት አለበት። ከዚህም በላይ፣ ተፈናቃይ የሆነ ሕመምተኛ በየቀኑ በፊታችን ይቀመጣል። የተፈናቀለው ከየትኛው አገሩ ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከላይ ሲታይ ቀላል ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም።

ሰዎቹ በአብዛኛው የመጡት ከደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በተለይም ከቩርተምበርግ ነው። ይህ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ልጆቹን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። በ1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ሰማዩን በዐመድ ስለ ሸፈነው በ1816 አውሮፓ በጋ ሳያይ ቀረ። ሰብል ጠፋ፤ የቩርተምበርግ ገበሬ ተራበ፤ በ1817 በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሩሲያና ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ድንቹ ሲበሰብስ ደግሞ ሌላ የስደት ማዕበል ተነሣ። ከረኃቡ ጎን ለጎን በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያልረኩ አጥባቂ ምእመናን በ1819 ኮርንታል የተባለችውን መንደር መሠረቱ። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሚሲዮናውያን መካከል ሁለቱ የሸመገሉት በዚችው መንደር ነው።

በኢትዮጵያ ምድር መባረርን የቀመሱት የመጀመሪያዎቹ ጀርመናውያን ግን የጋፋት ሰዎች አይደሉም። ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪክ ክራፍ በ1838 ከዓድዋ ተባረሩ። ክራፍ ቀጥሎ ወደ ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ከ1839 እስከ 1842 ተቀመጠ። ከሸዋ ወጥቶ እንደ ገና ሊመለስ ሲሞክር መንገዱ ተዘጋበት። በ1843 ከባለቤቱ ከሮዚነ ጋር በትግራይ በኩል ለመግባት ሲጓዙ በሾሆዎች አገር በረሃ ላይ ምጥ ያዛት። አዋላጅም ሐኪምም በሌለበት የተወለደችው ሕፃን ወዲያው ሞተች። ስሟንም «እንባ» አሏት፤ ክራፍ በጽሑፉ ያሰፈረው ይህንኑ የአማርኛ ቃል ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ ወር 1844፣ ሮዚነ በሞምባሳ ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ በትኩሳት ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። በእናቶች ጤና ላይ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሁለት ወሊዶች በአንድ መዝገብ ቢያነብ፣ መንገድ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ለሞት ምን ያህል የቀረበች እንደ ሆነች ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወደ ጋፋት እንመለስ። በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ፣ በጀርመን ድንበር ላይ በሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ኮረብታ በ1840 አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዐሳቡም እየሠሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነው። ቀደም ሲል ኢትዮጵያ የነበረውና በ1846 በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት እነዚህን ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አቀደ። በ1855 ክራፍና ወጣቱ ዮሐን ማርቲን ፍላድ መጥተው አዲስ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን አነጋገሩ። በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ዛልሙለርና ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፊል ዋልድማየር ተጨመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰባኪ ሳይሆን ባለ እጅ ይፈልጉ ስለ ነበር በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሯቸው። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ከእነርሱ ጋር ተቀመጠ። መጀመሪያ መንገድና ሠረገላ ሠሩ፤ በኋላ የጦር መሣሪያ ሥሩ ተባሉ። አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም፤ በመጨረሻ በ1867 ሴባስቶፖል ተቀለጠ።

ከእነርሱ ቀድመው በአገሩ የሥር ሰው የሆኑ ሌሎች ሁለት ጀርመናውያንም ነበሩ። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው የዕፀዋት ተመራማሪ በ1837 መጥቶ፣ በትግራይ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንጥጮ ገዥ ለመሆን በቅቷል። ኤድዋርድ ዛንደር የተባለው ሠዓሊ በ1847 መጥቶ በመጀመሪያ ውቤን፣ በኋላም ቴዎድሮስን አገልግሏል፤ እሱም ኢትዮጵያዊት አገባ። ውቤ በ1855 በደረስጌ ሲሸነፉ ሺምፐር ሹመቱንና ሀብቱን አጣ። የአገሬው ሹም ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ሰው ከእንግዳነት ያለፈ ይመስለኛል።

የጋፋት ኑሮ በሚሲዮናውያኑ መጻሕፍት ውስጥ በአብዛኛው የወንዶች ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ለእኛ ሙያ የምትቀርበው የፍላድ ባለቤት ፓውሊነ ኬለር ናት። ፓውሊነ በካይዘርስቬርት በተመሠረተው የዲያቆናውያት ማኅበር የሠለጠነችና በኢየሩሳሌም ያገለገለች ነርስ ነበረች። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 ሥልጠና የወሰደችው በዚሁ ቦታ ነው። እንግዲህ ዘመናዊ የነርስ ሙያ ገና በአውሮፓ ራሱ ሥር ሳይሰድ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣች ሴት በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ትኖር ነበር። የሕክምና ታሪካችን ሲጻፍ ስሟ ሲነሣ አላየሁም። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲልኩት ፓውሊነና ልጆቿ መያዣ ሆነው ቀሩ። ባለቤቷ የተመለሰው በ1867 ነው።

ኮሌራው የመጣው በዚያው በ1866 ነው። በጣና ዳርቻ በቆራጣና በዘጌ የሰፈረው የንጉሡ ጦር በሽታው ሲገባበት ሰዉ በየቀኑ ይረግፍ ጀመር። ከታሠሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች አንዱ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ የተባለ የጦር ሐኪም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ሲጠይቁት ሰፈሩ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋ እንዲወጣ መከረ፤ ጦሩም ወደ ደብረ ታቦር ተጓዘ። ያን ጊዜ የኮሌራ ተሕዋስ ገና በሮበርት ኮህ አልተለየም፤ ብላንክም ምክሩን የሰጠው በዘመኑ የአየር መበከል አስተሳሰብ ሳይሆን አይቀርም። የተበከለውን ውኃ ትቶ መሄድ ግን በየትኛውም አስተሳሰብ የሚጠቅም ነው። አሳሪው የእስረኛውን የሕክምና ምክር ተቀብሎ ጦሩን ያንቀሳቀሰበት ይህ አጋጣሚ ከመድፉ ታሪክ ያላነሰ ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

የኮሶው ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ጠብ ያስነሣ ነው። ሄንሪ ስተርን በጀርመን ሄሰን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ወደ ለንደን ሄዶ ክርስትናን የተቀበለ ሚሲዮናዊ ነው። በ1860 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ በ1862 መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም ላይ የቴዎድሮስ እናት በችግር ጊዜ ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበር ጻፈ። ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ በ1863፣ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ለዓመታትም በእግር ብረት ታሰረ። እንደ ሐኪም ስናየው ግን ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። ኮሶ በየሁለት ወሩ ንጉሥም ድኻም የሚጠጣው የአገሩ ዋና መድኃኒት ነበር። በዚያው ዘመን አውሮፓውያን መድኃኒት አዋቂዎች ለትል በሽታ ሲሉ አበባውን በውድ ዋጋ ይገዙ ነበር። ጠጪው ሳያፍርበት ሻጭዋ ለስድብ መዋሏ የመድኃኒቱን ሳይሆን የጊዜውን የማዕረግ አመለካከት ያሳያል።

በሚያዝያ ወር 1868 የሆነው የታወቀ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ በኩል ገብቶ፣ በ10ኛው ቀን በአሮጌ ሜዳ ተዋግቶ፣ እስረኞቹን ተቀብሎ፣ በ13ኛው ቀን መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። በእንግሊዝ ጋዜጦች ዘንድ ነገሩ የነጻ መውጣት በዓል ሆነ። ከመልእክተኞቹና በብረት ታስረው ከነበሩት ሚሲዮናውያን አንጻር ይህ እውነት ነው። የጋፋት ባለሙያዎች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አብዛኞቹ በአገሩ ከ10 ዓመት በላይ ኖረዋል። ቤት ሠርተዋል፤ አማርኛ የቤታቸው ቋንቋ ሆኗል። ዋልድማየር ያገባው የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛናን ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ሞሪትዝ ሆል ያገባው የዛንደርን ልጅ ካታሪናን ነው፤ በአገር ስሟ ወለተ ኢየሱስ፣ እሷም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ናት። ጦሩ ሲመለስ እነዚህ ሁሉ ከነቤተሰቦቻቸው ተነሥተው ወደ ባሕር ወረዱ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የቴዎድሮስ ባለሙያ የነበረ ፈረንጅ በአገሩ በሰላም ይኖራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው «ነጻ የወጡ እስረኞች» የሚለው አጠራር የሚያሳስተን። ወለተ ኢየሱስ በ1868 ገና የ18 ዓመት ገደማ ወጣት ነበረች። እሷ ነጻ የወጣችው ከማን ነው? የተወለደችበትን ምድር፣ የእናቷን ወገን፣ የምታውቀውን ሁሉ ትታ ባሕር የተሻገረች ኢትዮጵያዊት ናት። አባቷ ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ። በጦሩ ጉዞ ላይ የነበሩት ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ዕጣቸው የከፋ ነበር፤ እቴጌ ጥሩነሽ ገና ከአገር ሳይወጡ በግንቦት ሞቱ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም አረፈ። የልዑሉ ስደት በደንብ ተነግሯል፤ የጋፋት ሴቶችና ልጆች ስደት ግን ስደት ተብሎ እንኳን አልተጠራም።

ከመቅደላ የወጡት ከተበተኑባቸው ቦታዎች ሁለቱን ብቻ እንከተል።

ዋልድማየርና ሱዛና ቤይሩት ደርሰው ሊባኖስ ቀሩ። በ1873 በብሩማና ኮረብታ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዋልድማየር በዚያ አገር ሲኖር አንድ ነገር ይረብሸው ነበር፤ የአእምሮ ሕሙማን አያያዝ። ሕሙማኑ ቅዱስ እንጦንስ ቆዝሐያ ወደሚባለው ገዳም ተወስደው በዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ርኩሱ መንፈስ እስኪለቃቸው ድረስ። ዋልድማየር ከስድሳ ዓመት ዕድሜው በኋላ፣ በ1896፣ ለእነዚህ ሰዎች ሆስፒታል ለማቋቋም ተነሣ። በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ፤ ከቤይሩት ወጣ ብሎ አስፉሪዬ በተባለ ቦታ መሬት ገዛ፤ ሆስፒታሉም በ1900 ሥራ ጀመረ። በሽተኛ በሃይማኖቱ አይለይም፤ በሰንሰለትም አይታሰርም የሚለው ደንብ ከመጀመሪያው የጸና ነበር። አስፉሪዬ ከ80 ዓመት በላይ አገልግሎ፣ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ፣ በ1982 ተዘጋ።

ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም። በጋፋት ብረት ያቀለጠ፣ በመቅደላ ሰንሰለት ምን እንደሆነ በቅርብ ያየ ሰው ነው። ከዚያ ልምድ ወደ አስፉሪዬ የሚያደርስ ቀጥተኛ መስመር አለ ብዬ ለመሟገት አልደፍርም። ሆኖም ሌሎች ለዘመናት አይተው ያለፉትን ሰንሰለት እርሱ አይቶ ማለፍ አልቻለም። በእኛ አገር አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተከፍቶ ለዐሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ መቆየቱን፣ በአንዳንድ የጠበል ቦታዎችም እስከ ዛሬ የታሰሩ ሕሙማን መኖራቸውን የሚያውቅ ባለሙያ የቆዝሐያን ዋሻ እንደ ሩቅ አገር ነገር አያነበውም።

ሞሪትዝ ሆልና ወለተ ኢየሱስ በያፋ ሰፈሩ። በ1868 በመቅደላ የተወለደችላቸውን ሴት ልጅ በአምባው ስም ማግዳሌና አሏት። በ1869 ከቩርተምበርግ የመጡ ቴምፕለር የተባሉ ጀርመናውያን በያፋ መንደር ስለ መሠረቱ ቤተሰቡ በጀርመናውያን ስደተኞች መካከል ኖረ። ማግዳሌና ፕላቶን ፎን ኡስቲኖፍ የተባለ ከሩሲያ የመጣ የቩርተምበርግ ዜጋ አገባች፤ ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ። ዮና አድጎ በለንደን በጀርመን ኤምባሲ የጋዜጣ ጉዳይ ኃላፊ ሆነ። በ1935 የናዚ መንግሥት የአይሁድ ደም እንደሌለበት እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። እናቱ የፖላንዳዊው አይሁዳዊ የሞሪትዝ ሆልና የወለተ ኢየሱስ ልጅ ናት። ዮና ሥራውን ትቶ እንግሊዛዊ ሆነ። የእሱ ልጅ ፒተር ኡስቲኖፍ ታዋቂ ተዋናይ ሆኖ ከ30 ዓመታት በላይ የዩኒሴፍ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ነበር፤ በ2004 አረፈ። በየክትባት ዘመቻው የዩኒሴፍን ሰማያዊ ምልክት ያየን የጤና ሠራተኞች አምባሳደሩ የመቅደላ ልጅ የልጅ ልጅ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም።

የያፋ ጀርመናውያን ራሳቸውም አልተረፉም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918፣ እንግሊዞች ብዙዎቹን ወደ ግብጽ ወስደው አጎሯቸው፤ በኋላ ተመለሱ። በ1941 ደግሞ ከ600 በላይ የሚሆኑት በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። የቀሩትም እስራኤል ስትመሠረት ወጡ። በዚያው ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ ከ12 ሚሊዮን የማያንሱ ጀርመናውያን ከየቤታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ይጎርፉ ነበር። ከዚህ ብዛት ፊት የጋፋት ጥቂት ቤተሰቦች ምንም አይደሉም። የብዛቱ ቁጥር ግን የማይነግረንን አንድ ነገር እነርሱ ይነግሩናል፤ አንዱ መነቀል ለሌላው መነሻ እየሆነ እስከ አራተኛው ትውልድ ሊዘልቅ እንደሚችል።

ፍላድ ወደ ኮርንታል ተመልሶ የደምቢያን ሥራ ከሩቅ በደብዳቤ መራ። አብሮት የወጣውና በቅዱስ ክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ወደ አገሩ ተመልሶ ሥራውን በእጁ ያዘ። ከሆል ልጆችም ዳዊት ወደ እናቱ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ በንግድና በመንግሥት አገልግሎት ኖሯል። ፍላድና ዋልድማየር፣ አንዱ በቩርተምበርግ ሌላው በሊባኖስ፣ በአንድ ዓመት በ1915 ሞቱ።

ሺምፐር ግን ከሌሎቹ ጋር ለዘለቄታው ከአገር አልወጣም። በመቅደላ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ትግራይ ተመልሶ የድኻ ኑሮ እየኖረ ዕፀዋት መሰብሰቡን ቀጠለ፤ በ1878 በዓድዋ ሞተ። በስሙ ከተጠሩት ዕፀዋት አንዱ በየአጥሩ የሚተከለው ሰንሰል ነው። ሌላው መረንዝ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መርዝ ይውል ከነበረው ከዚህ የተክል ወገን በ1888 ኡዋባይን የተባለው የልብ መድኃኒት ተለይቶ ወጣ።